በሚሰጥም ክር ላይ ሦስት ዝንብ ሳስር ለምን ይተበተብብኛል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ላባና ጠጉር በታሰረበት መንጠቆ፣ ዓሣ የሚጠመድበትን ሙሉ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ዘንጉ ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን ሁለት ዓይነት ክር አለው፤ አንዱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሌላው የሚሰጥም ነው። ባለፈው ወር ጣርማ በርን ወርጄ፣ ደሴን አልፌ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄድኩና ሐይቁ ላይ ጀልባ ተከራይቼ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ወንድሜ በእንግሊዝ አገር ሐይቆች እንደሚደረገው ከክሩ ጫፍ በሚቀጠል አንድ ቀጭን ናይሎን ላይ ሦስት ዝንብ እንዳስር መክሮኝ ስለነበር እንዲሁ አደረግሁ። በአራተኛው ውርወራ ሦስቱም እንደ ልቃቂት ተጠቅልለው ተመለሱ፤ ፈትቼ ስወረውር ደግሞ ያው ሆነ። ሳይተበተብ በሄደበት ጊዜም የታችኛው ዝንብ ጭቃና አረም ይዞ ይመጣ ነበር እንጂ ዓሣ የሚባል አልነካውም። ስለዚህ የሚተበተበው ለምን እንደሆነ፣ ዝንቦቹ በምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳሉ በምን እንደማውቅ፣ እንዲሁም ይህ አሠራር ለእኛ ዓሦች ይሆን እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ የመተብተቡ ምክንያት በአብዛኛው ዝንቦቹ ሦስት መሆናቸው ሳይሆን ክሩ ገና ከውኃ በታች ሳለ ዘንጉን መምዘዝዎ ይመስለኛል። የሚንሳፈፈውን ክር ከውኃው ላይ ብድግ አድርጎ መወርወር ይቻላል፤ የሚሰጥመውን ግን ውኃው ስለሚይዘው በጉልበት ቢመዙት ዘንጉ ይጎብጥና ድንገት ሲለቀው ዝንቦቹ ተከታትለው እላይዎ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ክሩን ስበው ስድስት ሜትር ያህል ሲቀር ዘንጉን በዝግታ ወደ ላይ ያንሱ፤ ከዚያ ክሩን ወደ ፊት አንከባልለው ከውኃው በላይ ያውጡትና ሳይሰጥም ወዲያው ወደ ኋላ ይወርውሩት። ወደ ኋላ የሄደው ክር እስኪዘረጋ መታገሥ ደግሞ ግዴታ ነው። እኔ ስጀምር ወደ ኋላ ዞሬ በዓይኔ እያየሁ ነበር የምወረውረው፤ ሰው ቢስቅብኝም ክሩ ተዘርግቶ ዘንጉን ጎተት ሲያደርገው ማየቴ ብዙ አስተምሮኛል።

ሁለተኛው ነገር ልኬት ነው። ከሚሰጥመው ክር ጫፍ እስከ መጀመሪያው ዝንብ 1.5 ሜትር፣ ከእሱ እስከ ሁለተኛው 1.5 ሜትር፣ ከዚያ እስከ ጫፉ ዝንብ ደግሞ 1.5 ሜትር ያድርጉ፤ ናይሎኑ በጠቅላላ 4.5 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከላይኛው ዝንብ እስከ ጫፉ ያለው ርቀት ከዘንግዎ ርዝመት መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የላይኛው ዝንብ በዘንጉ ጫፍ ቀለበት ላይ ሲያዝ ጫፉ ላይ የተያዘው ዓሣ እጅዎ የማይደርስበት ርቀት ላይ ይቀራል። ሁለቱ ዝንቦች የሚንጠለጠሉባቸው ቅርንጫፍ ክሮች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፤ ከዚያ ከረዘሙ በዋናው ናይሎን ላይ ይጠመጠማሉ። ከሦስቱ ከባዱን ዝንብ ጫፉ ላይ ይሰሩት፣ ሌሎቹን እየጎተተ ይዘረጋቸዋልና።

መልስ፣ ከደብረ ሲና

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጥልቀቱ ልጨምር። በሚሰጥም ክር ማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ 3፣ 5 ወይም 7 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ይህ ክሩ በአንድ ሴኮንድ ስንት ኢንች እንደሚሰጥም የሚያመለክት ነው። አንድ ኢንች 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 5 የተባለው ክር በሴኮንድ 12 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በ20 ሴኮንድ ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ዝንቡ ውኃውን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ይቁጠሩ። መጀመሪያ 10 ቆጥረው ይሳቡ፣ ቀጥለው 15፣ ከዚያ 20፤ ዓሣ ሲነካዎት ያንን ቁጥር አይርሱት፣ ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ላይ ይመለሱ። አረም ይዞ ከመጣ ግን ከዚያ ቁጥር ላይ አምስት ይቀንሱ። የሦስት ዝንብ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣው የያዘው የላይኛውን ከሆነ ወደ ላይ፣ የጫፉን ከሆነ ወደ ታች ይሄዳሉ፣ በአንድ ውርወራ ሦስት ጥልቀት ይጠይቃሉ።

ስበው ሊጨርሱ ሲቃረቡ ዘንጉን በዝግታ ያንሱና የላይኛው ዝንብ ከውኃው ወለል ሥር ሲታይዎት ቆም ይበሉ፣ 10 ይቁጠሩ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገው ለመካከለኛውም እንዲሁ ያድርጉ። ከታች ተከትሎት የመጣ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው በዚህች ቆይታ ነው፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ ይነቅለዋል።

ጫፉ ላይ ከከባድ ዝንብ ይልቅ የሚንሳፈፍ ዝንብ የሚያስሩም አሉ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ ሁለት ትንንሽ ኳስ ተቆርጦ መንጠቆው ራስ ላይ ከታሰረ በቂ ነው። ክሩ ወደ ታች ሲጎትት ጫፉ ወደ ላይ ስለሚጎትት መካከለኞቹ ዝንቦች ጭቃ ሳይነኩ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ነገር ግን አየር ስለሚይዘው ለመወርወር አስቸጋሪ ነው፤ አሁኑኑ አይጀምሩት።

መልስ፣ ከፍቼ

እኔ በመጠኑ ልለያችሁ ነው። ይህ አሠራር የዳበረው ትራውት ለሚባለው ዓሣ ነው፤ እሱ በአገራችን የሚገኘው በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ነው። እርስዎ በሄዱበት ሐይቅ ያሉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትን ስለሆነ እየሮጠ የሚሸሽ ዝንብ አያሳድድም፤ ትንሽ መንጠቆ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም፣ በጣም ዝግ ያለ አሳሳብ ይፈልጋል። አምባዛ ግን ሥጋ በልም ነው፣ ያሳድዳል፤ በተለይ ምሽት ላይ ወደ ዳር ስለሚወጣ ጥቁር ዝንብ ቢያሳዩት ይሻላል።

ሌላው፣ የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰው ዓሣው ታች ያለ ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ሐይቅ የላይኛው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ከታችኛው ጋር ስለማይቀላቀል ታችኛው ክፍል ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ዓሣም ኦክስጅን ካለበት አይርቅም። ስለዚህ እንዲሁ ክሩን ሲያወርዱ አይዋሉ፣ ዳር ዳሩን ይሥሩ። ሦስት ዝንብም ለጀማሪ ብዙ ነው፤ አንድ ቀን በአንድ፣ አንድ ቀን በሁለት ይሞክሩ። ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ከመሄድዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የመንጠቆዎቹን ጫፍ በፒንሳ ቆርጬ ተለማመድኩ። ዝንቦቹን ራሴ የሠራኋቸው ከመንዝ በግ ጥቁር ጠጉርና ከአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። የበግ እረኞች ቆመው ሲያዩኝ አንደኛው «ሣሩን ነው የምታጠምደው?» አለኝ። ክሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ስጠብቅ በሁለት ዝንብ ከሃያ ውርወራ አንዱ ብቻ ተጠመጠመ፤ ክሩን ወደ ፊት ማንከባለሉን ግን ሣር ላይ መለማመድ አልተቻለም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ቅርንጫፉን ክር የማስርበት ቋጠሮ ሲጠብቅ ሁለት ጫፎች ይተርፋሉ። ዝንቡን በየትኛው ላይ ልሰር?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ወደ ታች በሚያመለክተው ላይ ይሰሩ። ከዘንጉ የሚመጣውን የላይኛውንና ወደ ጫፉ ዝንብ የሚሄደውን የታችኛውን ናይሎን ጎን ለጎን አድርገው ቀለበት ይሥሩ፣ የታችኛውን ናይሎን ሙሉ ጫፍና የላይኛውን አጭር ጫፍ አንድ ላይ ሦስት ጊዜ በቀለበቱ ያሳልፉ፣ በምራቅ ያርጥቡትና አራቱንም ጫፍ እኩል ይሳቡ። ሳያርጥቡ ከሳቡት ይግላል፣ ይደክማልም። ወደ ታች የሚያመለክተው ጫፍ ከዘንጉ የመጣው የላይኛው ናይሎን ቀጣይ ስለሆነ ዓሣ ቢጎትተው ቋጠሮው አይለያይም። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ከቋጠሮው ሥር ይቁረጡት።