ክርክር፦ «ቆቃን ቀድሞ ማጉደል ነው»

ሚሊሜትር፦
ስለ ብሔራዊ የጎርፍና የድርቅ ትንበያ ዕቅድ በተነሳ ቁጥር አንዱ ይመጣና ነገሩን በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ትናንት ተርባይን እዚሁ ግሩፕ ላይ «ትንበያው ካለ የአዋሽ ጎርፍ ምን ያስቸግራል? ቆቃን ቀድሞ ማጉደል ነው» ብሎ ላይኩን ሰብስቦ ተኛ። ማጉደል ነው! የአዋሽን ግድብ ማድጋ አደረግከው እኮ። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ብትለቅ በቀን የሚወጣልህ 8.64 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ለሚመጣው ጎርፍ 130 ሚሊዮን የሚይዝ ቦታ ለማስለቀቅ 15 ቀን ትፈልጋለህ፤ ያውም በላይ በኩል የሚገባውን ሳንቆጥር፣ በነሐሴ! በ300 ልልቀቅ ካልክ አምስት ቀን ይበቃሃል፤ ግን ያኔ ከግድቡ በታች ያለውን የወንጂን የጎርፍ መከላከያ የምትፈታተነው አንተ ራስህ ነህ።

ተርባይን፦
ላይኩ ነው ያቃጠለህ? በስሌቱ አልጣላህም። አምስት ቀን አልክ አይደል? የአውሮፓው ትንበያ ማዕከል የአንዱን ትንበያ 51 አማራጭ ሩጫዎች (መነሻው ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ የተሰሉ) እስከ 15 ቀን ያወጣል። ግሎፋስ የሚባለው የዓለም ጎርፍ ትንበያ ሥርዓት ደግሞ የወንዝ ፍሰት እስከ 30 ቀን ያሳይሃል፣ በነፃ። ዕቅዱ ውስጥ ይህን በየቀኑ የሚያነብ ዴስክ አስገባና ከሐምሌ ጀምረህ ቀስ እያልክ ልቀቅ። ሱፐር ኮምፒውተር ካልተገዛ የሚሉትን ተዋቸው፤ እነሱ ሪባን መቁረጥ ነው ያማራቸው።

ከሆምቦሌ በታች፦
እሺ፣ ያ ዴስክ ያነበበውን በምን ያመሳክረው? ከቆቃ በላይ አዋሽ ላይ የምንተማመንበት መለኪያ ሆምቦሌ ነው። የሞጆ ወንዝ ለብቻው ነው ቆቃ የሚገባው። በእጅ የሚነበብ ጣቢያ ላይ ታዛቢው ጠዋትና ማታ ከፍታ ያነባል፤ ሌሊት መጥቶ የሄደ ጎርፍ ጫፉ አይታይም። ቢታይም የተመዘገበው ከፍታ እንጂ ፍሰት አይደለም። ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ኩርባ ወንዙ ላይ እየተለካ መታደስ አለበት። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የሚለካ የለም፤ ስለዚህ በጣም የሚያስፈልገን የኩርባው ላይኛው ጫፍ በግምት የተቀጠለ ነው። ጎርፉ ሲያልፍ የወንዙ ወለል ወይ ተቦርቡሯል ወይ ደለል ሞልቶታል። የዘንድሮው 3 ሜትርና ያምናው 3 ሜትር አንድ ውሃ አይደሉም። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ «ሞዴሉ ተሳሳተ» ይላል።

ደጋ ዝናብ፦
ዞሮ ዞሮ ሜትሮሎጂ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፣ ልቅደማችሁ። ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚተነብየው ዝናብ ነው። ያው 50 ሚሊሜትር በሰኔ መጀመሪያ የተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ቢወርድ አብዛኛው ይሰርጋል፤ በነሐሴ አጋማሽ በጠገበ መሬት ላይ ቢወርድ ተንደርድሮ ወንዝ ይገባል። ያን መቁጠር የሃይድሮሎጂው ወገን ሥራ ነው፣ ያውም ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ዝናቡ በትክክል ተነግሮ ጎርፉ ቢያመልጥ የማን ጥፋት ነው?

ሚሊሜትር፦
ይኸው ተጀመረ፣ «የኔ አይደለም»። ዝናቡ አንዱ ጋ፣ የወንዙ መረጃ ሌላው ጋ፣ የግድቡ በር ኤሌክትሪክ ኃይል ጋ፣ ማስጠንቀቂያው አደጋ ስጋት ኮሚሽን ጋ። እኔ ግን ወደ «ማጉደል ነው» ልመለስ። ከ51ዱ ሩጫ 15ቱ ትልቅ ጎርፍ አሳዩ እንበል። 30 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ትለቃለህ? ትንበያው የሚሰጠው ዕድል ትክክለኛ ከሆነ እንዲህ ካለባቸው አሥር ጊዜያት ሰባቱ ላይ ጎርፍ አይመጣም። ለሰባቱ የሚፈርመው ማነው?

ተርባይን፦
ይህ እኮ የታወቀ ሂሳብ ነው። የመልቀቁ ወጪ 20 ሚሊዮን፣ የሚድነው ንብረት 100 ሚሊዮን ቢሆን ዕድሉ ከ20 በመቶ ባለፈ ቁጥር መልቀቅ ያዋጣል። 30 ከ20 ይበልጣል። ተፈረመ።

የሚሌ ማዶ፦
«ተፈረመ»! 20ውን የሚከፍለው ማን ነው፣ 100ው የሚድነውስ ለማን? ቆቃ 43 ሜጋ ዋት፣ ታች ያሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት፤ ያው ውሃ ሦስቴ ነው ተርባይን የሚያዞረው። በከንቱ የፈሰሰ ውሃ ሦስት ቦታ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። ታች አፋር ያለው የአሚባራ አርብቶ አደር ፍየል ግን ማንም መዝገብ ላይ የለችም። በኃይል ወገን ላለ ሰው ሂሳቡ መቼም 20 በመቶ ላይ አይቆምም፣ ስምህም ይናገራል።

ተርባይን፦
ስሜን ተወው ወንድሜ፣ ቁጥሩን መልስ።

የሚሌ ማዶ፦
እመልስልሃለሁ። ቆቃን ባዶ ብታደርገውስ? ቦርከናና ሚሌ የሚገቡት ከቆቃ በታች ነው፣ ከወሎ ተዳፋት ወርደው። የቆቃ በር አይመለከታቸውም። ዱብቲና አሳይታን ያስጨነቀ ውሃ ሁሉ ቆቃ የለቀቀው የሚመስላችሁ መንገዱ የሚታያችሁ እስከ አዳማ ብቻ ስለሆነ ነው። ዕቅዱ ላይ ሚሌ ላይ በቴሌሜትሪ (ከርቀት በራሱ) የሚያስተላልፍ መለኪያ ካልገባ፣ ስለ ታችኛው አዋሽ ትንበያ ባታወሩ ይሻላል።

ደጋ ዝናብ፦
ይህ ልክ ነው። ተዳፋት ላይ የ15 ቀኑ ትንበያ እምብዛም አይረዳም። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነበረው ጊዜ የሰዓታት ነበር፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ሌሊት የወረደ ጎርፍ። እዚያ የሚያስፈልገው ላይኛው ደጋ ላይ በየ10 ደቂቃው የሚልክ ዝናብ መለኪያና ሌሊት የሚጮህ ሳይረን ነው።

የሸበሌ ዳር፦
ሁላችሁም ስለ ጎርፍ ናችሁ፣ ርዕሱ ድርቅም ይላል። ድርቅ ላይ ቀን አይደለም የሚጎድለን፣ ወራት አሉን። ከ2013 እስከ 2015 ቦረናና ሶማሌ ላይ አምስት ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ላኒኛ (የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ፣ ለዚያ አካባቢ የድርቅ ምልክት) መኖሩን የማያውቅ አልነበረም። ከዚያ ነሐሴ 2015 ኢክፓክ (የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል) ለጥቅምት–ታኅሣሥ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ብሎ ተነበየ፤ ኤልኒኞው (የላኒኛ ተቃራኒ፣ የፓስፊክ መሞቅ) ነበር፣ የሕንድ ውቅያኖሱም ሙቀት አግዞት ነበር። ልክ ሆነ። ኅዳር 2016 ሸበሌ ዳር የነበረው ግን በጎርፍ ተወሰደ። ትንበያ አጣን አትበሉ።

ደጋ ዝናብ፦
አመሰግናለሁ!

የሸበሌ ዳር፦
ቆይ፣ አታመስግነኝ። አወጣጡ ላይም ችግር አለ። የዝናቡ ዕድል በመቶኛ «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ተብሎ ይወጣል። ምንም ባናውቅ እንኳ እያንዳንዱ 33 ነበር። ወረዳ ሲደርስ ግን ቁጥሮቹ መንገድ ላይ ቀርተው «ከመደበኛ በላይ ይዘንባል» ብቻ ነው የሚነበበው። ደግሞም የወቅት ድምር ነው፤ ድምሩ መደበኛ ሆኖ ዝናቡ 20 ቀን ዘግይቶ ሊገባ፣ ወይም ማሽላው ሲያብብ አሥር ቀን ሊቋረጥ ይችላል። ገበሬውን የሚጎዳው ያ ነው። የበልጉ ትንበያ ደግሞ ከክረምቱ ይልቅ የሚያንገዳግድ መሆኑ እየታወቀ እኩል በሆነ ድምፅ ይነበባል።

ሚሊሜትር፦
እዚህ ላይ ነው ድርቁና ጎርፉ አንድ በር ላይ የሚገናኙት። ኤልኒኞ ባለበት ዓመት ክረምቱ ቶሎ ሊወጣ ይችላል። ነሐሴ ላይ «ማጉደል ነው» ብለህ ያጎደልከው ቆቃ መስከረም ላይ ሳይሞላ ቢቀርስ? የመተሃራ ሸንኮራና የአሚባራ መስኖ እስከ ሰኔ የሚጠጡት ያን ውሃ ነው። ተርባይን የ15 ቀን ትንበያ ይዞ የዘጠኝ ወር ውሳኔ እየወሰነ ነው።

ተርባይን፦
ሁሉንም አልለቅም እያልኩህ! በወር በወር የከፍታ ጣሪያ ይቀመጣል፤ በሐምሌ ዝቅ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከፍ። ከጣሪያው በላይ ያለው ይለቀቃል፣ በታች ያለው አይነካም። ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ከሆምቦሌ በታች፦
በየትኛው ሰንጠረዥ? ጣሪያውን ከፍታ አድርገህ ታስቀምጣለህ፣ ቦታውን በሜትር ኩብ ታሰላለህ። መሃል ላይ ያለው የከፍታና የይዘት ሰንጠረዥ ነው። ቆቃ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደለል ሲሞላው ኖሯል፣ ደለሉም ከታች ብቻ አይተኛም፤ ጅራቱ ላይ፣ ውሃው በሚገባበት በኩል፣ ላይ ላዩንም ይይዛል። በአሮጌ ሰንጠረዥ 130 ሚሊዮን ክፍት ነው ብለህ የተኛህበት ቦታ ግማሹ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ተርባይን፦
ታዲያ ልኬቱ ይታደስ፤ ጀልባና ኢኮ ሳውንደር (ጥልቀትን በድምፅ የሚለካ መሣሪያ) እኮ ነው፣ የሳምንታት ሥራ።

የሚሌ ማዶ፦
አሁን ደግሞ «ጀልባ ነው» ጀመረን።

ተርባይን፦
ጀልባ ነው አዎ። አንተ ሚሌ ላይ ለምትተክለው መለኪያ ባትሪውን ማን እንደሚቀይር ንገረኝና እንቀጥላለን።