310 ድጋፍ፣ 307 ተቃውሞ፤ ዕጩው ግን አልተመረጡም፦ ሕጉ ምን ይላል?

የማይን ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የጀርመን ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በ2025ቱ ምርጫ ስለነበር፣ ሜይ 6 ቀን የጀርመን ምክር ቤት ቡንደስታግ መራሔ መንግሥቱን ሲመርጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሳሎን ውስጥ ሆኜ በቴሌቪዥን እከታተል ነበር። በመጀመሪያው ዙር ፍሪድሪሽ ሜርስ 310 የድጋፍና 307 የተቃውሞ ድምፅ ማግኘታቸው፣ ሦስት እንደራሴዎች ድምፀ ተአቅቦ ማድረጋቸው፣ አንድ ወረቀትም ዋጋ አልባ መሆኑ ተነበበ። እኔ አለፉ ብዬ ሳስብ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ደጋፊው ከተቃዋሚው በልጦ ሳለ ዕጩው የወደቁት በየትኛው ድንጋጌ ነው? ደግሞስ የመረጥኩት እንደራሴ ድምፁን ለማን እንደሰጠ እንዳላውቅ መደረጌ ሕገ መንግሥታዊ ነውን?

ሕግ አጥኚ፦

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ በመሠረታዊ ሕጉ፣ ማለትም በጀርመን ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 63 ላይ ይገኛል። አንቀጹ የሚጠይቀው ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ሳይሆን ከጠቅላላው የምክር ቤቱ አባላት አብላጫውን ነው፤ አባላቱ 630 በመሆናቸው 316 ድምፅ ማግኘት ግድ ነበር። በዚህ አቆጣጠር ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም ሆነ ከአዳራሹ የቀረ እንደራሴ በውጤት ረገድ ከተቃወመው አይለይም። የሁለቱ ጥምር ወገኖች መቀመጫ 328 እንደነበር ስናስብ፣ ቢያንስ 18 የራሳቸው ሰዎች ድጋፋቸውን ነፍገዋቸዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በ1949 የተመረጡት ከ402 አባላት በ202 ድምፅ፣ ይኸውም ልክ በሚያስፈልገው ቁጥር ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የራሳቸው ድምፅ ነበር።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የካቲት ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ሲያጸድቅ በመጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ቁጥር 346 ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ከተገኙት ነው ወይስ ከጠቅላላ አባላቱ የሚል ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ በኋላም ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታርሟል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የስሌቱ መነሻ ለሁሉም ግልጽ ካልሆነ፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አመኔታ አያገኝም።

በርሊን ያለሁ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ምስጢራዊነቱ የተደነገገው በመሠረታዊ ሕጉ ውስጥ ሳይሆን በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ነው። እንደራሴዎቹ ስማቸው በየተራ እየተጠራ ወደ መከለያው ይገባሉ፣ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትተው ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራሉ። በእኔ እምነት ይህ ሥርዓት ተገቢ ነው፤ አንቀጽ 38 እንደራሴው ተገዥነቱ ለኅሊናው ብቻ እንደሆነ ስለሚናገር፣ የፓርቲው አለቃ እያየው እጁን የሚያወጣ ሰው ይህን ነጻነት በተግባር ሊያገኘው አይችልም።

እናት ከኪል፦

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። በማርች 2005 የክልላችን ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይዴ ሲሞኒስ እንደገና ሊመረጡ ሲቀርቡ፣ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ አራቱንም ጊዜ አንድ ድምፅ ጎደላቸው። ያን ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ቡና ሳፈላ በየዙሩ ያው ቁጥር ሲደገም የሰማሁት ዛሬም በጆሮዬ አለ። ያ እንደራሴ ምክንያት ኖሮት ይሆናል፤ ዳሩ ግን ምክንያቱን ለመራጩ አልተናገረም፣ ማንነቱም በይፋ ሳይታወቅ ሲሞኒስ በ2023 አረፉ። የ1972ቱ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንትን በተቃዋሚው መሪ በራይነር ባርትሰል ለመተካት የተሰጠው ድምፅ 249 ሲያስፈልገው 247 ላይ ቆመ፣ አንድ እንደራሴም በኋላ 50,000 ማርክ መቀበሉን አመነ። ድምፁ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ጉቦው በዚያው ዕለት ጥያቄ ባስነሣ ነበር። የእኛ ድምፅ ምስጢር የሚሆነው በራሳችን ስም ስለምንሰጠው ነው፤ የእነርሱ ግን በእኛ ስም የሚሰጥ ነው።

የማይን ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኅታችን የኪሏ የተናገሩት እኔም የሚሰማኝን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜርስ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በ325 ድምፅ ተመረጡ። ባይሳካስ ምን ይሆን ነበር?

ሕግ አጥኚ፦

በመጀመሪያ፣ ያ ሁለተኛ ዙር በዚያው ቀን እንዲካሄድ የአሠራር ደንቡን የጊዜ ገደብ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሳጠር አስፈልጎ ስለነበር፣ አረንጓዴዎቹና የግራው ፓርቲም አብረው ተስማሙበት። አንቀጽ 63 ለሁለተኛው ምዕራፍ 14 ቀን ይሰጣል። ያም ካለፈ ሳይዘገይ አዲስ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘውም ይመረጣል፤ ድምፁ ከጠቅላላ አባላቱ ግማሽ ካልበለጠ ግን ፕሬዚዳንቱ በ7 ቀን ውስጥ ወይ ይሾሙታል፣ ወይ ምክር ቤቱን ይበትናሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ዙር ነው። የቱሪንገን ክልል ሕገ መንግሥትም ስለ ክልሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ በሦስተኛው ዙር «ብዙ ድምፅ» ይላል፤ ዕጩው አንድ ብቻ ሲሆን የተቃውሞ ድምፆች ይቆጠሩ አይቆጠሩ ግን የሕግ ምሁራን ለዓመታት ሳይስማሙ ቆይተዋል። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ በዚያው ክልል ቶማስ ኬመሪሽ በሦስተኛው ዙር 45 ለ44 ተመርጠው በማግስቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በዚያ ዙር ዕጩው አንድ ብቻ ስላልነበረ የአንድ ዕጩው ጥያቄ ሳይነሣ አለፈ፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቦ ተቃዋሚው ከደጋፊው የበዛ ዕለት ግን ያው ክርክር ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም።