ከአባቴ የወረስኩት «ሃያ ሁለት» የሚባል ጠመንጃ፦ ወረቀቱን፣ ዝገቱንና ተኩሱን ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠመንጃው አለ። ብርኖ (የቼክ ሥሪት) ነው፤ ግን ብርኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቁ አይደለም። ይሄ ቀጭንና ቀላል ነው፤ አፈሙዙ ላይ 22 ተብሎ ተጽፏል፤ የጥይቱ ልክ ነው። አባቴ እሁድ እሁድ ሲወለውለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እንዲጠፋብኝም እንዲበላሽብኝም አልፈልግም።

ፈቃዱ በአባቴ ስም ነው፣ የድሮ ነው። ብረቱ ላይ ቡናማ ዝገት ጀምሯል፤ ሰደፉም ደርቋል። አንድ ቆርቆሮ አሮጌ ጥይትም አለ። ከቤታችን ጀርባ ሜዳ ስላለ ዒላማ አቁሜ መተኮስ ያምረኛል። አጎቴ ደግሞ በሙት ዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኮስለት እያለ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1 (ጠበቃ፣ አዲስ አበባ)

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ዘይትና ጨርቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወረቀቱ። አሁን የሚሠራው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው። አባትህ ፈቃድ ነበራቸው ማለት አንተ አለህ ማለት አይደለም። ቤትና መሬት እንደሚወረሰው ፈቃዱ አብሮ አይተላለፍም።

ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጣ። እሱን፣ የአባትህን የድሮ ፈቃድና መታወቂያህን ይዘህ አካባቢህ ወዳለው ፖሊስ ሂድ። ጠመንጃውን ግን ይዘህ እንዳትሄድ! ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ከተገኘህ «ላስመዘግብ ስሄድ ነው» ማለት ላያድንህ ይችላል። መጀመሪያ በቃል አሳውቅ። እንዴት እንደሚቀርብ እነሱ ይነግሩሃል። ወንድምና እህት ካለህም ማን በስሙ እንደሚይዘው አስቀድማችሁ ተስማሙ። በዚህ ጉዳይ የተጣሉ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

መልስ 2 (ጡረተኛ መቶ አለቃ፣ ሆለታ)

ልጄ፣ ጠበቃው ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ መሣሪያው ልንገርህ።

ሃያ ሁለት ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። አረሯ 2.6 ግራም ገደማ ብትሆንም ወደ ላይ ከፍ ተደርጋ ከተተኮሰች ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ሱሉልታ ደግሞ ዛሬ ሜዳ ብቻ አይደለችም። ከሜዳው ማዶ ቤት አለ፣ እረኛ አለ፣ አስፋልት አለ። ስለዚህ ከቤት ጀርባ መተኮስ የለም። አጎትህን በአክብሮት «አይሆንም ጋሼ» በለው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ የት እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም። ለአባትህ ጸሎቱና ዝክሩ ይበቃዋል።

ሌላው፣ ይህ ጥይት ከትልልቆቹ የሚለይበት ነገር አለ። የትልቁ ጥይት ማቀጣጠያ ቀለሁ ቂጥ ላይ መሃል ለመሃል ነው። የዚህኛው ግን በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ውስጥ ነው ያለው። መቺው መርፌ የሚመታው ጠርዙን ነው። ጥይት ሳይኖር ምላጭ ስትስብ መርፌው የጥይት ቤቱን ብረት ሊመታ ይችላል። በአሮጌ መሣሪያ ላይ ይህ ሲደጋገም ወይ መርፌው ይሰበራል ወይ የጥይት ቤቱ ጠርዝ ይጎዳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቀባብሎ ቀጭ ማድረግ ይቅር። ለልጆችም አይሰጥ።

ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ጥይት አትሞክረው። ስንት ክረምት እንዳለፈበት አይታወቅም። ፖሊስ ጋ ስትሄድ እሱንም ንገራቸው።

መልስ 3 (ከለገጣፎ)

የእኔም አባት እንዲህ ዓይነት ነበራቸው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፣ አደራ! ጥቁሩ ቀለም አንዴ ከተላጠ በቀላሉ አይመለስም። ቡናማው ገና ላይ ላዩን ከሆነ ቀጭን ዘይት ቀብተህ አሳድረውና በሻካራ ጨርቅ ቀስ ብለህ እሸው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ነጭ ጋዝ ቆሻሻ ያነሳል፣ ግን ብረቱን ደረቅ አድርጎ ይተወዋል። ከተጠቀምክ በኋላ ዘይት መቀባት ግዴታ ነው።

ውስጡን ስትወለውል መቀርቀሪያውን አውጣና ከኋላ በኩል ግባ። ከፊት በኩል የብረት ዘንግ ካስገባህ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቀዋል። አነጣጥሮ መምታት የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው። እና ያንን ብርድ ልብስ አውልቅለት። የሱሉልታ ጉም ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ዝገቱን ያመጣው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 4 (አናጺ፣ ቡራዩ)

ሰደፉን ለእኔ ተዉልኝ። ቫርኒሽ አትቀባው፣ ያብለጨልጭና መልኩን ያጠፋዋል። የተልባ ዘይት በጣትህ ጫፍ በጣም ስስ አድርገህ ቀባ። ትርፉን ጥረግ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ድገም። እንጨቱ ሲጠጣ ታየዋለህ፣ የሚያስደስት ነገር ነው። ጭረቶቹን አትንካቸው። የአባትህ እጅ ያረፈበት ነው። ደግሞ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ አትጣል፣ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴን አነጋግሬዋለሁ፣ ተስማምቷል። አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃዱ በስሜ ከወጣ በኋላ ጅግራ ማደን ይቻላል? ደግሞ ብረቱ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀርጿል። አጠገቧ 57 ይላል።

መልስ 2 (መቶ አለቃው በድጋሚ)

አደን የራሱ ፈቃድ አለው። የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይሆንም፣ የሚጠየቀውም የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው።

አንበሳዋ የቼኮች የፍተሻ ማኅተም ናት። መሣሪያው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በኃይለኛ ጥይት ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። 57 የተፈተነበት ዓመት ነው፣ 1957 በፈረንጅ። በእኛ 1949 ወይም 1950። ተከታታይ ቁጥሩንም ከዚህ ጋር ጽፈህ ያዝ፤ ፖሊስ ጋ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው።