የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ሲከብድ፦ ስለ ሕዝብ ማመላለሻ በምናዘጋጀው የጋራ ፕሮፖዛል ላይ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አካል ጉዳተኛ የሆንንና ኦቲዝምን ወይም ኤዲኤችዲን የመሰለ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ያለን የጥበብ ባለሙያዎች፣ በሕዝብ ማመላለሻ ስንጓዝ የሚገጥመንን ወደ ጥበብ ሥራ ለመለወጥ የምናቀርበውን ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። ዓላማው «ለሁሉም የሚመች ጉዞ ምን እንደሚመስል ለሕዝብ ማሳየት» የሚል ሲሆን፣ ሥራዎቹ በአንድ አዳራሽ እንዲታዩ ታስቧል። አስተያየታችሁን በጽሑፍ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባል፣ የድምፅ ጥበብ ባለሙያ፦
ማየት የተሳነኝ በመሆኔ የፌርማታ ስም በድምፅ ማጉያ መነገሩ ለእኔ የመንገዱ ግማሽ ነው። አንድ ቀን ማጉያው በማይሠራ አውቶቡስ ተሳፍሬ መታጠፊያዎቹን በሰውነቴ መወዛወዝ እየቆጠርሁ ብሄድም፣ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድሁ። በዚያ ቆሜ በትሬን መሬት ላይ እያንኳኳሁ፣ ድምፁ የሚመለስበትን ግድግዳና ሳይመለስ የሚቀርበትን ገላጣ ስፍራ የለየሁባቸውን ደቂቃዎች ቀድቼ ሥራ ላደርጋቸው እፈልጋለሁ። የሚሰማውም ጉዞው ባለበት፣ በጣቢያው ማጉያ፣ ጎላ ብሎ ቢሆን እመርጣለሁ።

አባል፣ ሠዓሊ፦
የእኅታችንን ሐሳብ ከልብ አከብራለሁ፤ ሆኖም እርሳቸውን የሚመራው ማጉያ እኔን ከተሽከርካሪው ያስወርደኛል። ኦቲዝም ስላለብኝ፣ የብሬክ ሲጢጥታ፣ የተሳፋሪው ጨዋታና ድንገት የሚጮኸው ማስታወቂያ እኩል ጎልተው በአንድ ጊዜ ይደርሱኛል፤ አንዱን ሰምቼ ሌላውን መተው አይሆንልኝም። የኮቴን ጠርዝ ስፌት በጣቴ እየዳሰስሁ እስከ ሦስተኛው ፌርማታ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ የጨረስሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ማጉያው ይጥፋ አልልም፤ ይህ ግጭት በፕሮፖዛላችን ውስጥ አለመታየቱ ግን ያሳስበኛል።

አባል፣ የዳንስ ባለሙያ፦
ተመሳሳይ ነገር መሬቱም ላይ አለ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በእግርና በበትር የሚለዩትን ጎርባጣ ንጣፍ ሴኢቺ ሚያኬ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈልስፈውት፣ በ1967 በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥፏል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የባቡር ጣቢያዎች ይገኛል። ብዙ ሰው ሐዲድ ላይ ከመውደቅ የሚጠብቅ ድንቅ ሥራ ነው። እኔ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሳልፍበት ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ንዝረቱም በወገቤ አልፎ እስከ መንጋጋዬ ይደርሳል። ያንን ንዝረት ለዳንስ ምት ልጠቀምበት እፈልጋለሁ፤ የበትሩን ድምፅ ከቀዱት እኅታችን ጋር፣ በዚያው ንጣፍ ላይ።

ሥራዎቹ በአዳራሽ መታየታቸውን አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ 19 አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር መሳፈር የማይቻልባቸውን አውቶቡሶች መንገድ ላይ እንዳያልፉ ሲያግዱ፣ ለአቤቱታቸው ክብደት የሰጠው አካላቸው በቦታው መገኘቱ ነበር።

አስተባባሪ፦
ለሁሉም እኩል የሚመች አንድ ጉዞ ያለ አስመስዬ መጻፌ ስሕተት ነበርና የዓላማውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የገባው፦ «የአንዱን ተጓዥ መንገድ የሚከፍት ነገር የሌላውን ሲያጠብ፣ ሁለቱ አብረው የሚጓዙበትን ሁኔታ፣ ፍላጎታቸው የሚጋጭ ሁለት ሁለት ባለሙያዎች በጋራ በሚሠሩት ሥራ መመርመር።» መነሻችን እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን፣ አንቀጽ 30 ደግሞ የፈጠራ ችሎታችንን የመጠቀም መብታችንን ይሸፍናሉ።

ሥራዎቹ በጣቢያ ይታያሉ፤ ድምፅ ያለበት ሥራ ሰዓቱ አስቀድሞ ይገለጻል፣ ከዚያ ሰዓት ውጭ ጣቢያው ጸጥ ይላል፣ ወደ ጣቢያ መምጣት ለሚከብደውም ቅጂው ቤቱ ይደርሰዋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ የረዳት፣ የመጓጓዣና የዕረፍት ቀናት ወጪ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ርዕስ ወጥቶ በበጀቱ መጀመሪያ ላይ ራሱን ችሎ ይቀመጣል፤ ገንዘብ ሲያንስ የሚቀነሰው የሥራዎቹ ብዛት እንጂ ይህ አይሆንም።

ሠዓሊው ከማን ጋር ተጣምረው እንደሚሠሩ ገና ስላልተወሰነ፣ ማጉያ የሚያስፈልገው ሌላ አባል ፈቃደኝነቱን እዚህ እንዲገልጽ እጠይቃለሁ።