«ቡና የምታፈላ ሴት መሥራት ትችላለች» ላሉት ሰው

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ እየጠጣን የእናቴ የዲሴቢሊቲ ኬዝ (እዚህ አሜሪካ በሕመም መሥራት ያልቻለ ሰው የሚጠይቀው ክፍያ) ተነሣ። ማመልከቻዋ ውድቅ መሆኑን ነገርኳቸው። እናቴን ለብዙ ዓመት የሚያውቋት አንድ ትልቅ ሰው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ቡና የምታፈላ ሴት መሥራት ትችላለች» አሉ። እናቴ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንገቷን ደፋች።

እናቴ 57 ዓመቷ ነው። 16 ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽድታለች። በቀን 14 ክፍል። የወገቧ ዲስክ ተንሸራቷል፣ ቀኝ ትከሻዋ ወደ ላይ አይነሣም። ሥራ ካቆመች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። የመጣው ደብዳቤ «ቀድሞ የሠራሽውን ሥራ አሁንም መሥራት ትችያለሽ» ይላል። ቡናው ከየት መጣ ካላችሁ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፎርሙ ላይ ከእንቅልፍ ከተነሣሽ እስክትተኚ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ጥያቄ አለ። «ትጸልያለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች» ብዬ ሞላሁት። አሁን ዘመድ ሁሉ «ተዪው፣ ቆይታችሁ እንደ አዲስ አመልክቱ» ይለኛል። እኔ አፒል (ይግባኝ) እንበል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ባለሱቁ፦
እኒያን ሰው አላውቃቸውም። ያሉት ግን እውነት አለበት። እኔ 61 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አብጦ በቀን 12 ሰዓት እቆማለሁ። ቡና ማፍላት እኮ ቀላል አይደለም። ማጠብ አለ፣ መቁላት አለ፣ መውቀጥ አለ፣ እስከ በረካ እየተነሡ መቅዳት አለ። ይህን የቻለ ሰው ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ አያጣም። ያመመው ሁሉ የመንግሥት ገንዘብ ይውሰድ ከተባለ፣ ለእውነተኛው አካል ጉዳተኛ ምን ይተርፋል?

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎ። የምቆላው እኔ ነኝ። የምፈጨውም እኔ ነኝ፣ በማሽን። ውሃውን የምሞላው፣ የምቀዳው እኔ ነኝ። እሷ ትራስ ተደግፋ ጀበናውን ትጠብቃለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወገቧን ይዛ ትነሣና ትጋደማለች። «ቡና ታፈላለች» ያልኩት ይህን ነው። ቡናዋን ከወሰዱባት ምን እንደሚቀራት አላውቅም።

ደግሞ «የመንግሥት ገንዘብ» ያሉት አላስተኛኝም። ሥራ ላይ ሳለች ከደሞዟ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለጡረታና ለአካል ጉዳት መድን መሥሪያ ቤቱ፣ 6.2 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ቀጣሪዋም ያንኑ ያህል ይከፍላል። የተቆረጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ለችግረኛ የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ ሌላ ነው፣ የሚከፈለውም ከጠቅላላው ግብር ነው። እናቴ ያመለከተችው በራሷ ላብ ነው።

ነርስ ነኝ፦
ቡናውን ለጊዜው ተዉትና ደብዳቤውን እንደገና አንብቡት። «የቀድሞ ሥራሽን» ነው የሚለው። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ሥራን በክብደት የሚመድበው በአንድ የድሮ የሙያ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሆቴል ክፍል ጽዳትን «ቀላል ሥራ» ውስጥ ነው ያስገባው። ቀላል ማለት የሚነሣው ከባዱ ዕቃ ከ20 ፓውንድ አይበልጥም ማለት ነው። ፍራሽ እያነሣች አንሶላ ስትወጥር የኖረች ሴት ይህን ስትሰማ ምን ትላለች?

ዕድሜዋ ግን ይረዳታል። 55 ያለፈ ሰው የቀድሞ ሥራውን መሥራት እንደማይችል ካሳየ፣ ወደ ሌላ ሥራ ይዞት የሚሄደው ሙያም ከሌለው፣ ቀላል ሥራ ይችላል ቢባል እንኳ ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ ለእሱ ያደላል። ስለዚህ ትግሉ በሙሉ ያ ሥራ ምን ያህል ከባድ ነበር በሚለው ላይ ነው። የሥራ ታሪክ ፎርሙ ላይ የምታነሺው ከባዱ ዕቃ ስንት ፓውንድ ነው ለሚለው ምን ጻፋችሁ?

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ባዶ ተውነው። «ጽዳት» ብዬ ብቻ አለፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የቀድሞ ታክሲ ነጂ፦
ልጄ፣ «እንደ አዲስ አመልክቱ» የሚሉሽን አትስሚ። እኔን ያጠፋኝ እሱ ምክር ነው። ሥራ ያቆምኩት በ2015 ነው፣ በልብ ሕመም። በ2018 አመለከትኩ፣ ተከለከልኩ። ጓደኞቼ «አፒል ዓመት ይፈጃል፣ ተወውና ሌላ ጊዜ ሞክር» አሉኝ። በ2022 እንደገና ሄድኩ። «ኢንሹራንስህ በ2020 መጨረሻ አብቅቷል፣ ከዚያ በፊት መሥራት አትችል እንደነበር አሳይ» ተባልኩ። በሠራኸው ልክ የምታገኘው እኮ፣ ባጠቃላይ ከመታመምህ በፊት ባሉት አሥር ዓመታት አምስቱን ሠርተህ ከከፈልክ ነው። ሥራ ካቆምክ ሰዓቱ ይሮጣል። ያን ጊዜ አፒል ብል ኖሮ ቀኔ የሚቆጠርልኝ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ነበር። አሁን በሚስቴ ደሞዝ ነው የምኖረው።

ባለሱቁ፦
ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከታክሲ ሰዎች ስንቱ ነው ገቢውን በትክክል ያስመዘገበ? ካሽ ኪሱ ከቶ የኖረ ሰው ክሬዲት (ሠርቶ በመክፈል የሚቆጠር ነጥብ) የለኝም ብሎ ማልቀስ የለበትም።

የቀድሞ ታክሲ ነጂ፦
አንተ ሰውዬ፣ ታክስ ስከፍል አጠገቤ ነበርክ? ክሬዲት የለውም ማን አለህ? ጊዜው አለቀብኝ ነው ያልኩት። ክሬዲት ባይኖረኝ ኖሮ እስከ 2020 እንዴት ይደርስ ነበር? አንብብና ተናገር።

ባለሱቁ፦
ስለ አንተ አላልኩም። ስለ ብዙው ነው። ወደ ነገሩ ልመለስና፣ ቅድም ያላነሣሁት አለ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆም ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ሰዓት የቆመች ሴት ወገቧን ያማታል ብል ማን ያምነኛል?

የሰንበት ተማሪ፦
እናቷን አውቃታለሁ። ከኋላ ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር የእሷ ነው። ወንጌል ሲነበብ እንኳ መቋሚያ ይዛ ለመነሣት ስትሞክር አይቼ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብያታለሁ። የመጣችው ልትቆም አይደለም፣ ልትቆርብ ነው። ጋሼ፣ ይህን ሳያዩ አይናገሩ።

አስተርጓሚው፦
ሥራዬ ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ማስተርጎም ነው። ሁልጊዜ የሚያቃጥለኝን ልናገር። ለምርመራ ሲላኩ ሐኪሙ መጀመሪያ «እንዴት ነሽ» ይላል። እናቶቻችን ምን ይመልሳሉ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» በእኛ ይህ ሰላምታ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «ደህና ነኝ ብላለች» ተብሎ ይሰፍራል። ቡናውም እንደዚሁ ነው። ስንት ደቂቃ፣ ማን እያገዛት፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ተኝታ፣ ካልተጻፈ አንባቢው የጤነኛ ሴት ቡና ነው የሚያየው።

«እንግሊዝኛ አትችልም በሉ፣ ይሰጧታል» የሚሏችሁም አሉ። እሱ የድሮ ነው። እንግሊዝኛ አለመቻል ከትምህርት ደረጃ ጋር ተቆጥሮ ዕድሜው ለገፋ ሰው ይጠቅም ነበር። ከኤፕሪል 27 ቀን 2020 ጀምሮ ቀርቷል። አስተርጓሚ ግን በነጻ የማግኘት መብት አላት። ልጅ ለእናቷ አታስተርጉም። እናት በልጇ ፊት ሕመሟን ታሳንሳለች፣ በተለይ የሴት ነገር ሲሆን።

ባለሱቁ፦
ታዲያ «ደህና ነኝ» አትበይ ብለን እናስተምራት? እንደሱማ ከሆነ ማስመሰል ነው። በሽታን እያጋነኑ ቼክ መቀበል አላደግንበትም።

ነርስ ነኝ፦
ማጋነን ያለ ማን ነው? «ደህና ነኝ» ስትል ነው እኮ እውነቱ የሚጎድለው! እኔ ዎርድ ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። ሕመሟ ከአሥር ስንት ነው ሲሏት «ተመስገን» የምትል እናት መድኃኒቷ ይዘገያል። እውነቱን በልኩ መናገር ማስመሰል አይደለም።

ሐኪሟም ቢሆን «መሥራት አትችልም» ብሎ ብቻ ቢጽፍ አይረዳም። ያንን የሚወስነው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ ስንት ደቂቃ መቆም፣ ስንት ፓውንድ ማንሣት፣ እጇን እስከ የት ማድረስ እንደምትችል ይጻፍ። የኤም አር አይ ምስሉም ይያያዝ።

አስተርጓሚው፦
ጋሼ «ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ አያጣም» ብለዋል። ችሎት ላይ ይህን የሚናገር ባለሙያ ይቀርባል። ዳኛው «እንዲህ ያለች ሴት ምን ልትሠራ ትችላለች» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ከዚያ ነርሷ ካለችው መዝገብ ይጠቅሳል። መዝገቡ መጨረሻ የታደሰው በ1991 ነው! ለውዝ መለየት ሁሉ ሥራ ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። በ2024 ራሱ ሶሻል ሴኩሪቲ ከዚያ መዝገብ 114 ሥራዎችን ከእንግዲህ አንጠቀምም አለ። «አያጣም» ማለት ቀላል ነው። የት ነው ያለው ያ ሥራ? ማንስ ይቀጥራታል?

ባለሱቁ፦
እኔ እቀጥራታለሁ። ወንበር እሰጣታለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦
በሳምንት ሦስት ቀን ከአልጋ ባትነሣስ ጋሼ? በየሃያ ደቂቃው ልጋደም ብትልስ? እስከ ስንተኛው ሳምንት ያቆዩዋታል? ከልቤ ነው የምጠይቅዎ።

የቨርጂኒያው፦
ጠበቃ ያዙ። የእኔ ወንድም በጠበቃ ነው የወጣለት።

ባለሱቁ፦
ጠበቃውም ግማሹን ይበላዋል።

የቨርጂኒያው፦
ግማሽ አይደለም። ካሸነፈ ብቻ ነው፣ ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶ፣ ያውም ጣሪያ አለው፣ በ2024 መጨረሻ የወጣው 9,200 ዶላር ነበር። ከየወሩ ቼክ አይነካም። በየካፌው «ፎርም እሞላለሁ» እያሉ ቅድሚያ የሚቀበሉትን ነው መጠንቀቅ። የመጀመሪያው አፒል አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይሆናል፣ እዚያ ላይ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ሌላ ሰው ነው ወረቀቱን የሚያየው፣ እናቷን ግን አያያትም። ዳኛ ፊት ስትቀርብ ነው መጀመሪያ ሰው የሚያያት። ከዚያም በላይ የአፒል ምክር ቤት አለ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። ቀኑ ግን እንዳያልፍባችሁ! 60 ቀን ነው፣ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አምስት ቀን ለፖስታ ይታሰባል።

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦
41 ቀን አልፏል። ዛሬ ማታ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን የሥራ ታሪኩን እንደ አዲስ ጻፍነው። የቆሸሸ አንሶላና ፎጣ የሚታጨቅበትን ከረጢት ጠየቅኋት። «እርጥብ ፎጣ ካለበት ሁለት ሆነን ነበር የምንጎትተው» አለችኝ። ጋሪው ሲሞላ በምንጣፉ ላይ በደረቷ ነበር የምትገፋው። 16 ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። አለቀስኩ። ነገ አፒሉን አስገባለሁ፣ ቡናውንም እንዳለው እጽፈዋለሁ፣ ከትራሱ ጋር።

ባለሱቁ፦
የከረጢቱን አልሰማሁም ነበር። እሱን ጻፊው። ስለ ቡናው ግን ከቃሌ አልመለስም፣ የሚያነበው ሰው እንደ እኔ ነው የሚያስበው።

የቀድሞ ታክሲ ነጂ፦
ስለዚህ እኮ ነው ይጻፍ የምንለው! ደግሞ ስለ ታክሲ ሰዎች ያልከውን ገና አልጨረስኩም።