ለኮፒ ማሽን ብታለቅስስ?

የማታ ኮከብ፦ ወሬውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መዝገብ ክፍል ብቻዋን የምትሠራ ልጅ፣ አሮጌው ኮፒ ማሽን ተነቅሎ ሲወጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ሰው ብትፈልግ ይሻላት ነበር»። አንጀቴን አሳረረኝ። ፎቁ እኮ ሙሉ ሰው ነው! ምኑን ነው የምትፈልገው?

የጥገናው ሰው፦ «ሰው ብትፈልግ» ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ስድብ አይደለም፣ አዝኜላት ነው። ሃያ ዓመት ኮፒ ማሽን ፈትቻለሁ። ውስጡ ሮለር አለ፣ ቶነር የሚሉት የቀለም ዱቄት አለ፣ ቶነሩን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ የጋለ ክፍል አለ። «ለእኔ ብቻ ነው የሚታዘዘው» ትላለች አሉ። የሚታዘዝላት ወረቀቱን አራግፋ ስለምታስገባ ነው። እርጥበት የያዘ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ወረቀት ጃም ያደርጋል። ይኼ ሙያ ነው፣ ፍቅር አይደለም።

ብርቱካን፦ ሙያና ፍቅርን ማን ለያያቸው? የጎኑን በር ከፍታ፣ የተያዘውን ወረቀት እንዳይቀደድ በሁለት እጇ ቀስ ብላ ስትስበው አይቻለሁ። ወረቀቱ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው። እጣቷ ላይ ጥቁር ቶነር ቀርቷል። በሩን ስትዘጋ ምን አለችው መሰላችሁ? «ደከመሽ አይደል?»

የጥገናው ሰው፦ ይኸው! «ደከመሽ»!

ብርቱካን፦ እና ምን ይጠበስ? አንተስ መኪናህን «እሷ» አትላትም?

ዳር ተቀማጭ፦ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ፣ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት፣ ኤላይዛ የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ። የጻፉላትን ገልብጣ በጥያቄ ትመልሳለች እንጂ ምንም አይገባትም። ሲሠራት ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው ግን ጥቂት እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ብልሃቱን እያወቀች ነው እንግዲህ።

የጥገናው ሰው፦ ኤላይዛ ቢያንስ ትመልሳለች። ኮፒ ማሽን ምን ይመልሳል?

ዳር ተቀማጭ፦ የሶኒ ሮቦት ውሻስ? አይቦ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2006 ምርቱ ቆመ፣ በ2014 ጥገናውም ቀረ። ጃፓን ውስጥ የማይሠሩት ውሾች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ተወስደው ጸሎት ተደርጎላቸዋል። እነዚያንም ባለቤቶች «ሰው ፈልጉ» ልትላቸው ነው?

የጥገናው ሰው፦ ውሻው እንዲወደድ ተብሎ የተሠራ ነው። ኮፒ ማሽን ግን እንዲያባዛ ነው የተሠራው። አታምታታ።

የማታ ኮከብ፦ እንዲወደድ ያልተሠራ ነገር መወደዱ አይብስም? እኔ ግን ከዚያች ቃል አልወጣሁም። «ሰው ብትፈልግ» ስትል ጥፋቱን የእሷ አደረግከው። ለምን «ሰው ቢፈልጋት» አላልክም?

የጥገናው ሰው፦ እህቴ፣ ቃል አትሰንጥቂብኝ።

የማታ ኮከብ፦ እሰነጥቃለሁ። ቃሉ ነው ያቆሰላት።

ሦስተኛ ወንበር፦ ዝም ልል ነበር። እኔ ከእሷ ሁለት ሜትር ርቄ ነው የምሠራው። መስታወት ብቻ ነው የለየን። ጠዋት ማሽኑን ስታበራው ድምፁ ይሰማኛል፣ «ገብታለች» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገብቼ «እንዴት አደርሽ» ብያት አላውቅም። ማሽኑ የወጣ ቀን ግን ጸጥ ሲል ደነገጥኩ። ስሟን የጠየቅኩት ያን ቀን ነው።

ብርቱካን፦ ሁለት ዓመት? እንዴት አስቻለህ?

ሦስተኛ ወንበር፦ ሥራ ላይ ናት እያልኩ።

የጥገናው ሰው፦ እኔ ያልኩትም ይኼንኑ እኮ ነው፤ የጎደላት ሰው ነው።

የማታ ኮከብ፦ አላልክም! «ብትፈልግ» ነው ያልከው።

የጥገናው ሰው፦ እሺ ይሁን። ማሽኑ ግን መውጣቱ አይቀርም ነበር። ሮለሩ አልቆ ነበር።

ብርቱካን፦ ሮለር ይቀየራል።

የጥገናው ሰው፦ መለዋወጫ ሲገኝ ነዋ!

ብርቱካን፦ ፈልገህ ነበር?