ተጋባዡ ኤዲተር ሲገባ መጀመሪያ የትኛው ገጽ ላይ ይረፍ?

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ለሚሠሩ የቪዲዮና የግራፊክስ ቡድኖች፣ ፋይል የሚጋሩበትና ሥራ የሚያጸድቁበት የክላውድ (በኢንተርኔት የሚሠራ) ሶፍትዌር እያዘጋጀን ነው። ምዝገባውን ከ7 ደረጃ ወደ 3 አውርደናል፤ የፈቃድ፣ የማከማቻ፣ የሎጎና የቀለም ምርጫዎች ከምዝገባው በኋላ እንዲሞሉ ስለተገፉ አካውንቱን የሚከፍተው ኃላፊ አሁን አይቸገርም።

የሚቸገረው በሊንክ የተጋበዘው ኤዲተር ነው። ሲገባ የሚያየው ባዶ ስክሪን ነበር። የናሙና ፕሮጀክት ስናስገባለት ከእውነተኛው ሥራ ጋር ተምታታበት፤ ለደንበኛ የሚሄደውን አስተያየት ናሙናው ላይ ይጽፋል። አጠቃቀሙን የሚያሳዩትን ጠቋሚ ሳጥኖች ሳያነብ ይዘጋቸዋል፣ ሥራ ቸኩሎበት ስለሚገባ አልፈርድበትም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምር የነበረውን የፋይል ጭነት ችግር ግን ፋይሉን በ8 ሜጋባይት ቁራጭ በመላክ ፈትተነዋል።

እንዲህ ያለውን ኤዲተር በቀጥታ የተጋበዘበት ቪዲዮ ላይ እናሳርፈው ወይስ የእሱን ሥራዎች ብቻ በያዘ አጭር ዝርዝር ላይ?